ለእትዬ አስካለ የቀመስኩት

እትዬ አስካለ ማረፋቸውን የሰማሁት ከሥራ ወጥቼ መኪናዬን ገና ሳላስነሳ ነው። በሰፈራችን ሐበሾች ግሩፕ ላይ አንድ ሰው ፎቷቸውን ለጥፎ ከሥሩ «ነፍስ ይማር» ብሎ ጽፏል። ፎቶው ቤተ ክርስቲያን ግቢ የተነሳ ነው። ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመዋል፤ የሚያዩት ግን ፎቶ አንሺውን ሳይሆን ከእሱ ጀርባ ያለ ነገር ነው። እኔ ስለማውቃቸው ምን እያዩ እንደነበር መገመት አያቅተኝም። ከኋላ ምግብ የሚያድል ሰው ነበረ፤ እሳቸው ደግሞ አያያዙ አልጣማቸውም።

«ደግ እናት ነበሩ» ይላል የመጀመሪያው አስተያየት። ሁለተኛውም አሥረኛውም ያው ነው። እኔም ልጽፍ ጀመርኩና ጣቴ አልታዘዝ አለኝ። ደግነታቸው ውሸት ሆኖ አይደለም። ነገር ግን እኔ ለእሳቸው ጥሩ ጥሩውን ብቻ እየተናገርኩ ምን እንዳደረስኩባቸው አውቃለሁ፤ ስለዚህ ስለ እሳቸው የማወራ ከሆነ ሁሉንም ማውራት አለብኝ። እትዬ አስካለ ደግ ነበሩ። ነዝናዛም ነበሩ። ሽንኩርት ስከትፍ እላዬ ላይ ቆመው «ይሄ ለማን ነው፣ ለፈረስ ነው?» ይሉኝ ነበር። ስልክ ሳወራ ድምፄ ከፍ ካለ በጣታቸው ግድግዳውን ይቆረቁራሉ። ሲስቁ ደግሞ አፋቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ነው፤ አንዳች ድምፅ አይወጣቸውም።

የተዋወቅነው ማርቲንዴል በሚባል ሰፈር ውስጥ አንድ ቤዝመንት ተካፍለን ስንከራይ ነው። እኔ ያን ጊዜ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፤ አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ እሠራለሁ፤ ቤተሰቦቼ ወደ ሌላ ከተማ ሲዛወሩ ብቻዬን ቀርቼ ነበር። እሳቸው ሃምሳውን አልፈዋል። ሁለት መኝታ ቤት፣ በመሀል አንድ ኩሽና፤ ከላይ አከራያችን ከሚስቱና ከሕፃን ልጁ ጋር ይኖራል። ኩሽናው ያለው አንድ መስኮት ነው፤ እሱም ከመሬት እኩል ሆኖ ክረምት ሲገባ በረዶ ይደፍነዋል። ከኅዳር እስከ መጋቢት ውጭው መንጋቱን የምናውቀው ከስልካችን ነበር። ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው፤ በመሀሉ ደግሞ አንድ ወፍራም አግዳሚ እንጨት ያልፋል። እትዬ አስካለ ረጅም ሴት ስለነበሩ በእሱ ሥር ሲያልፉ ሁልጊዜ አንገታቸውን ይሰብራሉ። አንድ ቀን አብረን ባቡር ስንጠብቅ፣ ከላያችን ሰማይ ብቻ ሆኖ ሳለ ድንገት አንገታቸውን ሰበር አድርገው አለፉ። ሳያቸው ጊዜ «ለምዶብኝ ነው» አሉና ፈገግ አሉ። እኔ ግን አንጀቴን በላኝ።

ስለ እጃቸው ልንገራችሁ። እትዬ አስካለ ሳይቀምሱ የሚያበስሉ ሴት ነበሩ። ብዙ ጾመኛ እናቶች ይህን ይችሉበታል፤ በጾም ለልጅ የፍስክ ምግብ ሲሠሩ በመዓዛው ብቻ ይመጥናሉ። እሳቸው ግን ከዚያም ያልፋሉ። ድስቱን ከፍተው በእጃቸው እንፋሎቱን ወደ አፍንጫቸው ሳብ ያደርጉና «ጨው ይጎድለዋል» ይላሉ፤ እኔ ስቀምሰው እውነትም ይጎድለዋል። ዘይት ሲግል በጆሮ ያውቃሉ። «ዝም በይ፣ ልስማበት» ይሉኛል፤ ከመጥበሻው ጋር ወሬ የያዙ ይመስላሉ። ሰዓት አያዩም። የሚመጥኑት በጸሎት ነው። ዓሣ ከሆነ በአንድ ጎኑ ሦስት አባታችን ሆይ፣ በሌላው ሁለት። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ካየሁ አላናግራቸውም፤ ካቋረጥኳቸው ምግቡ ያርራል።

እዚህ ያመጣቸው አንድ ምግብ ቤት ነው፤ በወጥ ቤት ሠራተኛነት። ወርክ ፐርሚታቸው ከዚያ ቤት ጋር የታሰረ ስለነበር ሌላ ቦታ መቀጠር አይችሉም። ለመኖሪያ ፈቃድ ለማመልከት ደግሞ የሚጎድላቸው አንድ ወረቀት ብቻ ነበር፤ ቋሚ ሥራ እንደሚሰጣቸው የሚገልጽ የአሠሪ ደብዳቤ፤ ከሌላ አሠሪ ቢመጣም ይሠራል። አለቃቸው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ክፉ ቢሆን ይሻል ነበር። ሲያገኛቸው «እማማ» ይላቸዋል፣ በበዓል ቀን ያቅፋቸዋል፣ ደብዳቤውን ግን ሁልጊዜ ሰኞ ነው የሚጽፈው።

«ዛሬስ ምን አለዎት?» እላቸዋለሁ ሲመጡ።

«ኔክስት ዊክ አለ። ቢዚ ነው አሉ፣ አካውንታንቱ ቫኬሽን ላይ ነው አሉ።» ጫማቸውን እያወለቁ ነው የሚመልሱልኝ፤ ቀና አይሉም።

ይህ ሁሉ ለራሳቸው አልነበረም። ደብረ ብርሃን አያቷ ጋር ትተዋት የመጡ አንድ ልጅ ነበረቻቸው፤ ሕይወት ትባላለች። በማመልከቻው ላይ ስሟ የሚገባው ሃያ ሁለት ዓመት ሳይሞላት ፋይሉ ከተላከ ነው። ከሞላት በኋላ ልጅ መሆኗ ለመንግሥት አይቆጠርም። ያን ክረምት ስንጀምር ሕይወት ሃያ አንድ ዓመቷ ነበር፤ ልደቷ መጋቢት መጨረሻ ላይ ነው። ኩሽናው ግድግዳ ላይ ካሌንደር ሰቅለው ነበር፤ መጋቢትን ገልጠው አያዩትም፤ ሲያልፉ ግን ወረቀቱን በጣታቸው ይነኩታል።

በታኅሣሥ ከቤተ ክርስቲያን የሚያውቁት አንድ ሰው፣ እሱ የሚሠራበት ትልቅ ሆቴል የባሕር ምግብ የሚችል ሰው እንደሚፈልግ ነገራቸው። የወጥ ቤቱ ሼፍ ሽማግሌ ነው፤ ሰው ከወደደ ደብዳቤ ለመጻፍ አንድ ቀን አይፈጅበትም። ወረቀት አያይም፣ ብዙ አይጠይቅም፤ ለሚመጣው ሁሉ አንድ ፈተና ነው ያለው። ስድስት ስካሎፕና አንድ መጥበሻ ይሰጥሃል፤ ጠብሰህ ታቀርብለታለህ፤ ይቀምሳል፣ በቃ።

ስካሎፕ ማለት ከባሕር ዛጎል ውስጥ የሚወጣ ነጭ ሥጋ ነው። ክብና ወፍራም ነው፤ የተቆረጠ ሻማ ይመስላል። በጋለ መጥበሻ ላይ ሁለቱ ፊቱ ወርቅ እስኪመስል ይጠበሳል፤ ውስጡ ግን ገና ለስላሳ ሆኖ መውጣት አለበት። ትንሽ ካለፈ ያበቃለታል። እትዬ አስካለ ይህን ሁሉ ከስልካቸው ቪዲዮ አይተው፣ ከሱቅ ስካሎፕ ገዝተው አንድ እሑድ ከሰዓት ምድጃው ላይ ቆሙ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ሰሚራ፣ እናንተ ይሄን ትበላላችሁ?»

ክንፍና ቅርፊት የሌለው የባሕር ነገር ለእሳቸው አይፈቀድም። እኔ ሙስሊም ነኝ፤ እኛ ቤት የባሕር ሁሉ ሐላል ነው። «እንበላለን» አልኳቸው።

«በይ እንግዲህ አፍሽን አውሽኝ» አሉኝ። «ሽታውን እኔ እችለዋለሁ፤ ድምፁንም እሰማለሁ። የማላውቀውን ነገር ሽታ ግን ከምን ጋር ላስተያየው? አንቺ ነሽ የምትነግሪኝ።»

ስካሎፖቹን በፔፐር ታወል አንድ በአንድ አደረቁ፤ ሕፃን ከገላ ሲወጣ እንደሚደረገው፣ ሳይጫኑ። መጥበሻው መጨስ ሲጀምር አስቀመጧቸው፤ ከዚያ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ከንፈራቸው መንቀሳቀስ ጀመረ። አራት አባታችን ሆይ፤ ገለበጡ፤ ሌላ ሦስት። አንዱን በሳህን አድርገው ሰጡኝ። እኔም ቢስሚላህ ብዬ ጎረስኩ። በዚያ ቤዝመንት ውስጥ በአንዲት ጉርሻ ላይ ይህ ሁሉ ተደገመባት።

«ምን ይላል?»

«ቅቤ ነው፣ እትዬ። ወላሂ ቅቤ ነው!» እውነቴን ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ነገር በልቼ አላውቅም። ሳህኑን ልልሰው ምንም አልቀረኝም።

በዚያች ቅጽበት ነው አላርሙ የጮኸው። የጭሱ አላርም ከላይኛው ቤት ጋር የተያያዘ ስለሆነ እኛ ጋ ሲጮኽ ፎቅ ላይም ይጮኻል። ሕፃኑ ተነሳ፣ አከራያችን እየሮጠ ወረደ። ይቅርታ ጠየቅን። በሁለተኛው እሑድ እኔ ወንበር ላይ ቆሜ በፎጣ እያራገብኩ ሞከርን፤ በረዶ የደፈነውን መስኮትም ልንከፍት ታገልን፤ እንደገና ጮኸ። ይህን ጊዜ ሰውየው ድምፁን ከፍ ሳያደርግ፣ እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ፣ አንዴ ከደገማችሁ ሌላ ቤት ፈልጉ አለን። ፍትሐዊ ነው፤ ልጁ በሽተኛ ነበር። እትዬ አስካለ ግን መሄጃ አልነበራቸውም። በዚያ ገቢያቸው፣ በዚያ ክረምት፣ የመኖሪያ ፈቃድ ሳይኖራቸው ማን ያከራያቸዋል?

ከሦስተኛው እሑድ ጀምሮ እሳቱን ቀነሱት። ጭስ የለም፣ አላርም የለም፤ ነገር ግን በአራት አባታችን ሆይ ይመጣ የነበረው ወርቃማ ቀለም በዘጠኝ ነበር የሚመጣው። እሳቸው የሚያዩት ቀለሙን ነው። ቀለሙ ደግሞ ከመጀመሪያው ይበልጥ ያምር ነበር፤ እኩል፣ ጥርት ያለ። ሽታውም ግሩም ነው። በሳህን ሰጡኝና ቆመው ጠበቁ።

ጎረስኩት። አኘክሁት። አሁንም አኘክሁት። ላስቲክ ነበር።

ቀና ብዬ አየኋቸው። ከሌሊቱ ሺፍት ወጥተው፣ ቅዳሴ ቆመው፣ እግራቸው አብጦ፣ መቆንጠጫውን እንደያዙ አፌን ያያሉ። እኔ ያደግሁበት ቤት ውስጥ ትልቅ ሰው ያበሰለውን ምግብ ማማት ነውር ነው። እናቴ ጎረቤት ልካን ስንመለስ የምትጠይቀን «ጣፍጧል አልሽ?» ብላ ነው፤ ይጣፍጥ አይጣፍጥ አትጠይቅም። እኚህ ሴትዮ ደግሞ ጉንፋን ሲይዘኝ አጥሚት አፍልተው ደጃፌ ላይ የሚያስቀምጡልኝ ናቸው። በምን አፌ?

«ምን ይላል?»

«ቅቤ ነው» አልኳቸው።

ይህች የመጀመሪያዋ ናት። የሚቀጥለው እሑድ ልነግራቸው ነበር። ግን አሁን ላስቲክ ነው ካልኩ ያለፈው ሳምንትስ? ብለው ይጠይቁኛል። ስለዚህ ያን እሑድም ቅቤ ነው አልኩ። በየሳምንቱ ለመናገር የሚያስፈልገኝ ድፍረት እየጨመረ፣ እኔ ያለኝ ግን እየቀነሰ ሄደ። ጥሩ አድርጌ ማኘክ ተማርኩ። ዓይኔን ጨፍኜ «ኡም» ማለት ተማርኩ። አንድ ቀን እንደ ቀልድ «ትንሽ ቀደም ብሎ ቢወጣስ?» ብል፣ «ጥሬ ሊሆንብኝ ነው እንዴ? አንቺ ወደድሽው አይደል?» አሉኝ፤ እኔም አዎ ብዬ ዘጋሁት። ለሕይወት በስልክ ሲነግሯት እሰማቸዋለሁ፤ «የምትቀምስልኝ ልጅ አለች፤ አትዋሽም፤ እዚህ አገር ያደገች ስለሆነች ፊት ለፊት ነው የምትናገረው።» ክፍሌ ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

ፈተናው በየካቲት አጋማሽ ሆነ። ለልደቷ ስድስት ሳምንት ገደማ ሲቀር ማለት ነው። ጠዋት ነጭ ሸሚዛቸውን ተኩሰው፣ ፀጉራቸውን በጥቁር ሻሽ ጠቅልለው ወጡ። እኔ ሺፍቴን ስዊች አድርጌ እቤት ጠበቅኋቸው። ከሰዓት ሲመለሱ የበሩን ድምፅ ሰምቼ ብቻ እንዳልሆነላቸው አወቅሁ።

ኮታቸውን ሳያወልቁ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«ሲያየው ደስ አለው» አሉኝ። «ሰዎቹን ጠርቶ አሳያቸው። 'ቢዩቲፉል' አለ፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከዚያ ቢላውን አሳረፈበት። ፊቱ ተለወጠ። ጎረሰና አስቀመጠው። 'ላስቲክ ነው' አለኝ። 'ቀምሰሽዋል?' አለኝ። ሃይማኖቴ አይፈቅድም አልኩት። አልተቆጣም፤ 'ታዲያ ማን ቀመሰልሽ?' አለኝ። እቤት አንዲት ልጅ አለች፣ ምላሷን ከራሴ ምላስ በላይ አምነዋለሁ አልኩት።»

እኔ ቆሜያለሁ። ፊቴን ወደ ምድጃው አዞርኩ።

«በሁለት ሳምንት ውስጥ ተመልሰሽ ሞክሪ አለኝ። ለምን እሄዳለሁ? ሊቀጥረኝ ስላልፈለገ ነው ሰበብ የፈጠረው። ክረምቱን ሙሉ በልተሽዋል፤ ላስቲክ ቢሆን አንቺ አትነግሪኝም? አንቺን ልመን ወይስ እሱን?»

መናገር የነበረብኝ ያኔ ነው። ሁለት ሳምንት ነበረን። እሳቱን ከፍ ማድረግ፣ አምስት አባታችን ሆይ መቀነስ፣ ሌላ ምንም አልነበረም። አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«የእነሱ ምላስ ከእኛ ይለያል፣ እትዬ» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ተጽናኑ። 

ከዚያ በኋላ ያሉት ሁለት ሳምንታት በዕድሜዬ ካየኋቸው ቀኖች ሁሉ ይከብዱብኛል። ልብስ ስናጥብ ልነግራቸው ነበር፤ ማሽኑ ይጮኽ ነበር። አውቶቡስ ስንጠብቅ ልነግራቸው ነበር፤ ሰው መጣ። ቴክስት ጻፍኩ፣ አጠፋሁት፣ እንደገና ጻፍኩት። በስምንተኛው ቀን ይመስለኛል፣ ከሥራ ስመለስ «ነገ ሆቴሉ ይሂዱ» አልኳቸው። «ለምን?» አሉኝ። «እንዲሁ፤ ዕድል አይታወቅም።» ለምን የሚለውን መልስ አውቀው ስለነበር ዓይናቸውን ማየት አልቻልኩም። «ለመዋረድ ሁለቴ አልሄድም» ብለው ወደ ክፍላቸው ገቡ። ሁለቱ ሳምንት አለፈ። ሆቴሉ ሌላ ሰው ቀጠረ። አለቃቸው ደብዳቤውን ኔክስት ዊክ እንደሚጽፍ ነገራቸው።

በልደቷ ቀን ጠዋት ሕይወት በቪዲዮ ደወለች። እትዬ አስካለ በጣም ደስ ያላቸው መሰሉ፤ እያጨበጨቡ ዘፈኑላት፣ ቀሚሷን ሊያዩ አስነስተው አሽከረከሯት፣ ወገብሽ ቀጠነ ብለው ተቆጧት። ስለ ፋይሉ ሁለቱም አላነሱም። ስልኩ ሲዘጋ ተነሥተው፣ ትናንት አጥበው የሰቀሉትን ንጹሕ መጥበሻ አውርደው ማጠብ ጀመሩ። ሳሙና አደረጉበት፣ አለቀለቁት፣ እንደገና ሳሙና አደረጉበት። አላስችል አለኝ።

«እትዬ፣ ሰውየው ልክ ነበር» አልኩ።

«የቱ ሰውዬ?»

«ሼፉ። ላስቲክ ነበር።»

ውሃውን ዘጉት። «መቼ?»

«እሳቱን ከቀነሱበት ቀን ጀምሮ። ሁሌም።»

ዞረው አዩኝ። እንደዚያ ረጅም መሆናቸውን ከዚያ በፊት አላስተዋልኩም ነበር።

«ሁሌም» አሉ።

«ላሳዝንዎት አልፈለግኩም።»

«አሁንስ?» አሉኝ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር። «አሁን አላሳዘንሽኝም? ጎረቤት ቤት ሄደሽ ጣፈጠኝ ብትዪ ወግ ነው። እኔ ግን እንግዳዬ ብዬ አልጠራሁሽም። አፍሽን ነው የተዋስኩት። በአፍሽ ነው ልጄን ያስያዝኳት።»

ማልቀስ ጀመርኩ። አላባበሉኝም። መጥበሻውን አድርቀው ሰቀሉትና ክፍላቸው ገቡ።

እስከ ፋሲካ ድረስ ከእግዜር ሰላምታ በቀር አላነጋገሩኝም። አንድ ነገር ግን አልቀረም። በየቀኑ ከሥራ ስመለስ ምድጃው ላይ በሳህን የተከደነ ምግቤን አገኛለሁ። በተናደዱብኝ ልክ ምግቡ ይጥም ነበር፤ ይህን ስናገር እየቀለድኩ አይደለም። እየበላሁ አለቅስ ነበር። ቤቱን ለቅቄ ልሂድ ብዬ ሁለት ጊዜ ሻንጣዬን አወጣሁ፤ ግን እሳቸው ኪራዩን ብቻቸውን አይችሉትም፤ እኔም ብሄድ ይህን ነገር ይዤው ነው የምሄደው። እኔ በዚህ፣ እሳቸው በዚያ ግድግዳ ማዶ፣ አንዳችን የሌላችንን ሳል እየሰማን ከረምን።

ከፋሲካ በኋላ ባለው እሑድ ከሰዓት በሬን አንኳኩ። «ነይ» አሉኝ። ምድጃው ላይ መጥበሻው ግሏል፤ ስካሎፖቹ ደርቀው ተሰልፈዋል።

«እትዬ፣ እሳቱ በዝቷል። አላርሙ…»

«ይጩህ።»

አስቀመጧቸው። ጭሱ ተነሣ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ እኔም በልቤ አብሬ ቆጠርኩ፤ ሁለተኛው ላይ ስንደርስ አላርሙ ጮኸ፤ ፎቅ ሕፃኑ አለቀሰ፤ አከራያችን ደረጃውን ወርዶ መጣ። እትዬ አስካለ ፊታቸውን ከመጥበሻው ሳያነሡ አንድ ጣታቸውን ወደ እሱ አንሥተው «ዋን ሚኒት» አሉት። ሰውየው ቆመ። በጩኸቱ መሀል ገለበጧቸው፣ ጨረሱ፣ አንዱን በሳህን አድርገው ሰጡኝ።

«ምን ይላል?»

ጎረስኩ። ለስላሳ ነበር። እንደ መጀመሪያው ቀን ነበር። ደግሞም የሆነ ነገር ነበረው፤ ላልፈው እችል ነበር።

«ለስላሳ ነው» አልኳቸው። «ጨው ግን በዝቶበታል።»

አዩኝ። ከዚያ እጃቸው ወደ አፋቸው ሄደ፣ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። «እህ» አሉ ሲጨርሱ፣ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ። «ትችያለሽ ለካ!»

በወሩ መጨረሻ ቤቱን ለቀቅን። እሳቸው ኤሪን ውድስ የሚባል ሰፈር አንዲት መበለት ጋር ክፍል አገኙ፤ እኔ ወደ ኮራል ስፕሪንግስ ሄድኩ። በሚቀጥለው ዓመት አለቃቸው ደብዳቤውን ጻፈ፤ ፋይሉ ገባ፣ የመኖሪያ ፈቃዳቸው መጣ። የሕይወት ስም ግን የለበትም። ልትጠይቃቸው ለቪዛ ሁለት ጊዜ አመለከተች፤ ሁለት ጊዜ ተከለከለች። እሳቸውም ሄደው ሊያዩዋት ሲዘጋጁ ታመሙ።

ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት እትዬ አስካለ ለሁሉም ነገር ይደውሉልኝ ነበር። ቀሚስ ሲገዙ ፎቶ ይልኩና «እውነቱን» ይላሉ። ያስረጅዎታል እላለሁ፤ ይመልሱታል። ስብከት ሰምተው ካልገባቸው፣ ሐኪም የተናገረውን ካልያዙት፣ ሰው ካኮረፋቸው፣ «እውነቱን፣ ሰሚራ» ይላሉ። መጀመሪያ ቅጣት መስሎኝ ነበር። ቆይቶ ግን ሌላ ሰው እንደዚያ እንደማይጠይቁ ገባኝ። ሆስፒታል ተኝተው ሳለ የሚጠይቃቸው ሁሉ «ዛሬ ፊትዎ በርቷል» ይላቸዋል። ሁሉም ሲወጣ ወደ እኔ ዞረው ጠበቁኝ። «በጣም ከስተዋል፣ እትዬ» አልኳቸው። «ሐኪሙም ብዙ ተስፋ አልሰጠንም።» እጄን ያዙና «እግዜር ይስጥሽ» አሉኝ። ከዚያ የሻሻቸውን ቋጠሮ እንዳስተካክልላቸው ጠየቁኝ፤ ሳስረውም ላላ አድርጊው ብለው ነዘነዙኝ።

አስከሬናቸው ወደ አገር ቤት ተላከ። እናትና ልጅ ከስምንት ዓመት በኋላ የተገናኙት በዚያ መንገድ ነው።

ከቀብሩ በኋላ በአራተኛው ቀን፣ እኔ ምሳ ሰዓት ላይ ሆኜ፣ ስልኬ ላይ የማላውቀው የኢትዮጵያ ቁጥር መጣ።

«ሰሚራ ነሽ?» አለች። ድምፅዋ የእናቷ ነው፤ ያው ዝቅ ያለው። «ሕይወት ነኝ። እማዬ ስላንቺ ብዙ አውርታልኛለች። እውነት ከፈለግሽ ሰሚራን ጠይቂ ትለኝ ነበር።»

ስለ በሽታው ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። እናቷ ተሠቃይተው እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት ቀናት አዎ አልኳት። አለቀሰች፤ ጠበቅኋት።

«አንድ ነገር ብቻ» አለችኝ። «እዚያ መምጣት የምችልበት ጊዜ ነበር? ወይስ ከመጀመሪያውም የማይሆን ነገር ነው? እማዬን ስጠይቃት 'አልተሳካም፣ እጄ ከዳኝ' ነው የምትለኝ፤ ሌላ አትጨምርም።»

እጃቸው። በእጃቸው አሳብበው ሞቱ። ከመጀመሪያውም የማይሆን ነበር ብላት ልጅቷ ታርፍ ነበር፤ እኔም አርፍ ነበር፤ የሚያውቅ ሰው በዚህ ዓለም የለም።

«ነበር» አልኳት። «ልትመጪ ትችዪ ነበር።»

«ታዲያ ምን አስቀረኝ?»

«እኔ» አልኳት።

 ከኋላዋ አንዲት ሴት ትንሽ እህል ቅመሺ ብላ ስትለምናት ይሰማኛል። ሕይወት «ቆይ፣ አልፈልግም» አለቻት። በር ሲዘጋ ሰማሁ፤ ከዚያ የለቀስተኞቹ ድምፅ ጠፋ።

«ንገሪኝ» አለችኝ።